አገልጋይ ፊት ያለ ቅንፍ

ሐወሊ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣
ፍራሽና እኔን እንጂ ሦስተኛ የማታስገባ
አንዲት ክፍል አለች።
ሌሊቱ ሰባት ተኩል። ኤሲው ባልዲ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣
ማዳም ተኝታለች፤ ወለሉ ተወልውሏል።

ጉልበቴ ላይ የፋይሰል ላፕቶፕ፣
«ሞቷል፣ ጣይው» ብሎ ከቆሻሻው ጋር ያቀበለኝ፤
አንድ ቁልፉ የወለቀ፣ ማጠፊያው የላላ።
አልጣልኩትም። ከረምን ተደብቀን፣ እሱም እኔም፣ ብርድ ልብስ ስር፣
ሻፊቁል፣ የጎረቤት ሹፌር፣ ከዳካ የመጣው፣
ፍላሹን በዳቦ ላስቲክ ጠቅልሎ እስኪሰጠኝ፦
«ሊኑክስ ነው፤ አይከፈልበትም፤ ሬሳ ያስነሣል» ብሎ።

ቋንቋ ጠየቀኝ፤ አማርኛ ከላይ ነበረች፣ ሩቅ አልሄድኩም።
ስም ጠየቀኝ፤ «ትደነቂያለሽ» ብዬ ሞላሁ፣ አላጠርኩም።
(እዚህ ቤት ናዲያ ነኝ። ረጅም ስም ለመጥራት አይመችም አሉ።)
ከዚያ፦ «የሚጫኑትን ይምረጡ።»
በአንቱታ!
አምስት ዓመት አንቱ ያለኝ የለም፤
ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፣ ማንን ነው ብዬ።

ዲስኩ ጠባብ ነው፣ ዐሥራ ስድስት ጊጋ።
እያንዳንዱ ስም ፊት ባዶ ቅንፍ፣ እንደ ሁለት መዳፍ፤
ኮከብ ካኖሩበት ይገባል፣ ካላኖሩበት ይታለፍ።

ደብዳቤ መጻፊያ፦ ይግባ።
ሠንጠረዥ፦ እሱም ይግባ፤ የላክሁትን ዲናር ልደምርበት፣
ወንድሜ «አጥር አጠርኩበት» ያለውን፣
አጥሩ በፎቶ እንኳ ያልታየውን።
ማተሚያ፦ ምን ላትምበት? የፓስፖርቴን ቅጂ እንዳልል
ዋናው ያለው ማዳም መሳቢያ ነው።
ጨዋታ፦ ይቅር።
(አንዲት ካርታ የምትደረድር ግን አስገባሁ። ማን ያየኛል።)

አንዱን ስመርጥ ዐሥራ አንድ ተከትሎት መጣ፣
«ያለ እነዚህ አይሠራም» አለ፤
ሠርግ የተጠራ ዘመድ መቼ ብቻውን ሲመጣ!
ሊብ ምንትስ፣ ሊብ ምንትስ፣
የአክስት ልጅ፣ የአክስት ልጅ ባል፣ የባልየው ጓደኛ፣
ቦታዬን እኩሌታውን ይዘው ቁጭ አሉ።

ቀጥሎ፦ አገልጋይ።
የድር አገልጋይ፣ የፋይል አገልጋይ፣ የደብዳቤ አገልጋይ።
ሻፊቁልን በስልክ ጻፍኩለት፦ «ሥራው ምንድን ነው ይኼ?»
«አይጠፋም፣ አይተኛም። ሌሊትም ቀንም
በር ላይ ቆሞ የሚጠራውን ያዳምጣል፤
ሲጠሩት ያቀርባል፣ ካልጠሩት ዝም ይላል።»
ሳቅሁ፣ እጄን አፌ ላይ ጭኜ፤ ግድግዳው ስስ ነው።
«አውቀዋለሁ» አልኩት፣ «ሥራው ከጠፋበት ወደ እኔ ላከው።»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ይሉን ነበር ትምህርት ቤት።
እዚህ ድሩን የማወርደው እኔ ነኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣
ከጣሪያው ጥግ፣ በረጅም እንጨት።
አንበሳ እስካሁን አላየሁም።

ኮከቡ ቀድሞ ተቀምጧል፤ እኔ አይደለሁም ያኖርኩት፣
ማሽኑ ነው፣ «ያስፈልግዎታል» ብሎ የገመተው።
እውነቱን ልናገር፣ ጣቴ ቆመ።
ያለ እሱ ባይነሣስ? እንደገና ቢሞትስ?
የኔ ቤት ደግሞ መቼ ነው አገልጋይ የኖረበት?

ተጫንኩት። ኮከቡ ጠፋ።
ቅንፉ ባዶውን ቀረ፣
ማንም የማይጠራባት ትንሽ ክፍል መሰለ።
ይኼ ማሽን ሲደክመው ይተኛ።

ሥልሳ ሦስት በመቶ ላይ ደወሉ ጮኸ።
ወተት፣ ለሕፃኑ።
ክዳኑን ብዘጋው ይቋረጣል፤ ክፍቱን ብርድ ልብስ አለበስኩት፣
ነጠላ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወረድኩ።
ወተቱን አሞቅኩ፣ በእጄ አንጓ ላይ አንጠብጥቤ ቀመስኩ፣
ማዳም ዓይኗን ሳትገልጥ ተቀበለችኝ።

ስመለስ ብርድ ልብሱ ከውስጥ ያበራል።
ገለጥ አደረግሁት፦
ሰባ ስምንት።